የሰማያዊው ጢስ ምክንያት

የጃፓኑ የኒሳን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ለዓለም ያቀረበው፣ በአገሩ ፌርሌዲ ዜድ፣ ከአገሩ ውጭ ግን ዳትሰን 240 ዜድ የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና፣ በአሜሪካ ገበያ በ3,526 ዶላር ተተምኖ በወጣ ጊዜ፣ የፈጣን መኪና ጌትነት የባለጸጎች ብቻ ዕጣ ነው የሚለውን አሳብ ያናወጠ ከመሆኑም በላይ፣ በጎረቤታችን በኬንያና በአካባቢዋ አገሮች ጭቃና አቧራ ላይ ይካሄድ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1971 እና በ1973 አንደኛ በመውጣት፣ መልክ ብቻ ሳይሆን ጽናትም እንዳለው አስመሰከረ። እነዚያ መኪኖች ዛሬ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት አልፏል። ከባለቤቶቻቸውም ዘወትር የሚሰማው አቤቱታ፣ ጧት ሞተሩ ሲነሣ ከማርሚታው ስለሚወጣው ሰማያዊ ጢስ ነው፤ ይህን ጢስ ያየ ሁሉ “ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ” ብሎ ለመፍረድ ሲቸኩል፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዋጋዋ ከቁም ነገር በማይገባ፣ በጣት ጫፍ ላይ በምትቀመጥ አንዲት የጎማ ቆብ ላይ ነው።

ኤል 24 የተባለው የዚህ መኪና ሞተር ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መሥመር የተሰለፉበት፣ የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73.7 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 2,393 ሴንቲሜትር ኩብ የሆነ፣ አካሉ ከብረት፣ ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ የመግቢያና አንድ የመውጫ፣ በድምሩ 12 ቫልቮች አሉት። ቫልቩ ሰፊ ራስና ቀጭን ዘንግ ያለው ብረት ሲሆን፣ በተዘጋ ጊዜ ራሱ በመንበሩ ላይ ገጥሞ ይቀመጣል፤ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንጉም መካኒኮች ጋይድ በሚሉት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሽቅብና ቍልቍል ይመላለሳል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞርበት ሰዓት፣ ይህ ምልልስ በሴኮንድ ኀምሳ ጊዜ ይፈጸማል።

ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት በሚዞርበት በቴስታታው የላይኛው ክፍል ዘይት ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ያለ ዘይት ብረት ብረትን ይበላልና። በዘንጉና በጋይዱ መካከል ያለው ክፍተት ከሚሊሜትር መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆንም፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ጊዜ በመግቢያው ቦይ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጩ አየር ግፊት ከግማሽ በታች ስለሚወርድ፣ ዘይቱ በዚያች ክፍተት ተስቦ ወደ እሳቱ ይወርዳል። ይህን የሚከለክለው በጋይዱ አናት ላይ ተጠልቆ የዘንጉን ዙሪያ በከንፈሩ የሚይዘው ያ የጎማ ቆብ፣ ማለት የቫልቭ ሲል ነው። ሥራውም በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የዐጻዌ ኆኅትን ሥራ ይመስላል፤ የሚገባውን አስገብቶ የማይገባውን መመለስ እንጂ በሩን ለዘለዓለም መዝጋት አይደለም። ዘይት ጨርሶ ቢከለከል ዘንጉ በጋይዱ ውስጥ ደርቆ ይፋቃልና፤ ከልክ በላይ ቢለቀቅ ደግሞ ካንዴላው ይጠቍራል፣ በመግቢያው ቫልቭ ጀርባም ከሰል ይጋገራል።

ጎማው የሚያረጀው በተነዳው ኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በሙቀትና በዘመን ርዝመት ነው። ለስላሳ የነበረው ከንፈሩ ደርቆ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጋይዱ አናት ተነቅሎ ከዘንጉ ጋራ አብሮ ሲመላለስ ይገኛል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ተሸፍኖ የኖረ፣ ጥቂት ብቻ የተነዳ መኪና ገዝቶ ጢስ ያየ ሰው፣ ሻጩን ሐሰተኛ ነው ከማለቱ በፊት ቢታገሥ መልካም ነው።

በጢስ ምርመራ ረገድ ቀለሙን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሰዓቱም መታየት አለበት። ጥቍር ጢስ የቤንዚን መብዛትን፣ ሳይቋረጥ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ውሃ ወደ እሳቱ መግባቱን፣ ሰማያዊው ግን የዘይትን መቃጠል ያመለክታል። ሰማያዊነቱ ከታወቀ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ዘይቱ የገባው ከላይ በጋይዱ በኩል ነው ወይስ ከታች በፒስተኑ በኩል የሚለው ነው። መኪናው ቆሞ አድሮ ጧት ሲነሣ አንድ ጊዜ ቡን ብሎ የሚጠፋ ጢስ፣ ወይም ረጅም ቍልቍለት በማርሽ ተይዞ ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ከኋላ የሚታይ ጢስ፣ ሲሎቹን ያስጠረጥራል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ሳያቋርጥ የሚከተል ጢስ ግን የፒስተኑን ቀለበቶች ያስጠረጥራል። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የስድስቱ ሲሊንደሮች የእመቃ ግፊት በመለኪያ ይታያል፤ ግፊቱ ዝቅ ብሎ በተገኘው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ሲጨመር ልኬቱ ከፍ ካለ፣ ያለቁት ቀለበቶቹ ናቸው። ስድስቱም የተቀራረበ መልካም ልኬት ካሳዩና ጢሱም የጧት ጢስ ከሆነ፣ ሞተሩን መፍታት፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን አካል ያለ በደሉ መቅጣት ነው።

የዚህ ሞተር መሐንዲሶች ዐሥራ ሁለቱን ቫልቮች በአንድ መሥመር፣ ከካምሻፍቱ በአንድ ወገን ስላሰለፏቸው፣ ቴስታታው ሳይነሣ፣ ካምሻፍቱና ሰንሰለቱም ከቦታቸው ሳይነኩ ሲሎቹን መለወጥ ይቻላል። የሚያሠጋው ነገር ቫልቮቹን የሚዘጉት ሞላዎች በወጡ ጊዜ ቫልቩን የሚይዘው ስለማይኖር ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ መውደቁ ነው። ለዚህም ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ቫልቮቹን በግፊት መያዝ ሲሆን፣ ይህ ፈጣን ቢሆንም አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ሞተሩን ሊያዞረው፣ የአየር መጭመቂያው ቢቆምም ቫልቩ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ፒስተኑ በእመቃው ምልልስ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ አንድ የናይለን ገመድ ጫፉን ውጭ አስቀርቶ በዚያው ቀዳዳ መጠቅጠቅና፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ አዙሮ ገመዱን ከፒስተኑ ጋራ ወደ ቫልቮቹ ማስጠጋት ነው። እኔ ገመዱን እመርጣለሁ፤ ለምሳ ትቶት የሄደ ሠራተኛ ሲመለስ ቫልቩን እንደ ተወው ያገኘዋልና።

ሥራው ሲጀመር በቴስታታው ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች፣ በተለይም ከፊት ሰንሰለቱ የሚወርድበት ሰፊ ክፍት ቦታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ። ቫልቩን ከሞላው ጋራ የሚያያይዙት ግማሽ ቀለበቶች ለእያንዳንዱ ቫልቭ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 24 ናቸው፤ ጥቃቅንና ተስፈንጣሪ በመሆናቸው ከእነርሱ አንዱ ወደ ሰንሰለቱ ቤት የወረደ እንደ ሆነ፣ የአንድ ቀን ሥራ የሳምንት ሥራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የካምሻፍቱ ጕብታ፣ ግፊቱን ወደ ቫልቩ ከሚያስተላልፈው ከሮከሩ በራቀበት ሰዓት የሮከሩ መደገፊያ ላልቶ ዝቅ ይደረጋል፤ ሞላው በካቻቢቴ ጥቂት ተጭኖም ሮከሩ ተንሸራትቶ ይወጣል። ሮከሮቹና በቫልቮቹ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ትንንሽ ብረቶች ለብዙ ዘመን ከየራሳቸው ጕብታ ጋራ ተፋቅረው የተላመዱ ስለ ሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ቍጥር ተጽፎባቸው ወደ ነበሩበት ቦታ ካልተመለሱ ካምሻፍቱን ይበሉታል። የሞላ መጭመቂያው መሣሪያ የውስጡንና የውጩን ሞላ አጐንብሶ ግማሽ ቀለበቶቹን በማግኔት ካስለቀቀ በኋላ፣ አሮጌው ሲል በፒንሳ ይነቀላል። አዲሱ ሲል ዘይት ተቀብቶ፣ የዘንጉ ጫፍ ስለታም ጐድጓድ ከንፈሩን እንዳይቈርጠው በቀጭን ፕላስቲክ ከተሸፈነ በኋላ፣ በእኩል ግፊት ጋይዱ አናት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይገፋል። ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው የሚታለፈው በእሳቱ ተራ፣ ማለት 1-5-3-6-2-4 በሚለው ቅደም ተከተል ቢሆን፣ ክራንክሻፍቱን በየጊዜው ሲሶ ዙር ብቻ ማዞር ይበቃል።

ሞላው በወጣበት ሰዓት ዘንጉን ይዞ ግራና ቀኝ መነቅነቅ ይገባል፤ ጋይዱ ሰፍቶ ዘንጉ የሚወላወል ከሆነ አዲሱ ሲል ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ቴስታታውን አንሥቶ ጋይዱን ከመለወጥ በቀር ሌላ መፍትሔ የለም። ሁሉም ደኅና ሆኖ ከተገጠመ፣ በካምሻፍቱና በሮከሩ መካከል ያለው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.25 ሚሊሜትር ሆኖ ይስተካከላል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም 0.25 እና 0.30 መሆኑ እንደ ገና ይታያል።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ጢሱ ወዲያውኑ ባይጠፋ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በመውጫው ቦይና በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት እስኪያልቅ ድረስ መጤሱ አይቀርም። የሥራው መልካምነት የሚታወቀው ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ካንዴላዎቹን በማውጣት ነው፤ ስድስቱም ደረቅና ቡናማ ከሆኑ ሥራው ሠምሯል፤ አንዱ ብቻ ረጥቦና ጠቍሮ ከተገኘ ግን፣ የዚያ ሲሊንደር ሲል ሲገባ ከንፈሩ ተቈርጦ ይሆናልና፣ ክዳኑን ከፍቶ እርሱን ብቻ መለወጥ ነው።