የእንጨት መላጊያ መኪና ጠባይና ጥንቃቄው

በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚያሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመጋዝ የወጣ ጣውላ ደርቆ ሲቆይ ይጎብጣል፤ ይጣመማልም። ይህንኑ ለማቃናት የእጅ መላጊያ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ ገበታው የመላጊያ መኪና ግን በጥቂት ደቂቃ ይፈጽመዋል። ይሁን እንጂ የሠራተኛን ጣት ከሚያጎድሉት መኪናዎች አንዱ ይኸው ስለ ሆነ፣ አስመጪውም ሻጩም ጠባዩን ማወቅ ይገባቸዋል።

መኪናው ሁለት ገበታዎች አሉት። በመካከላቸው ስለቶች የተተከሉበት ግንድ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይዞራል። የመውጫው ገበታ ከስለቱ ጫፍ ጋር እኩል ይሆናል፤ የመግቢያው ግን ሊላግ በታሰበው ልክ ዝቅ ይላል፤ ለአብዛኛው ሥራ አንድ ሚሊሜትር ይበቃል። የመውጫው ገበታ ከስለቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የጣውላው መጨረሻ ይጎደጉዳል፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ጣውላው በገበታው ጠርዝ ይደናቀፋል። ሁለቱም የመኪናው ጉድለት ሳይሆን የአስተካካዩ ናቸው።

ሲላግ የጣውላው ጎድጓዳ ፊት ወደ ታች ይደረጋል፤ በጠርዞቹ ስለሚያርፍ አይወዛወዝም። በኃይል ተጭኖ የተላገ ጠማማ ጣውላ፣ እጅ ሲለቀው ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። የጣውላው ፊት ስለቱን ጥቂት እንዳለፈ የእጅ ግፊት ወደ መውጫው ገበታ ይዛወራል። አንዱ ፊት ከቀና በኋላ በመደገፊያው ላይ ተለጥፎ ጎኑ ይላጋል፤ መደገፊያው 90 ዲግሪ መቆሙ አስቀድሞ በስኳድራ ይመረመራል።

ገዢዎች ዘወትር የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ይህ መኪና አንድ ፊትና አንድ ጎን ያቃናል እንጂ የጣውላውን ውፍረት እኩል አያደርግም። ጣውላው ተገልብጦ ቢላግ፣ ሁለቱም ፊት ልሙጥ ሆኖ አንዱ ጫፍ ወፍራም ሌላው ቀጭን ሊቀር ይችላል። ለውፍረቱ ሌላ መኪና፣ ወይም ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ ጥምር መኪና ያስፈልጋል። ሻጩ ይህንን ዋጋ ከመነገሩ በፊት ቢያስረዳ ከብዙ ክርክር ይድናል።

አደጋው በተለይ በአጭር ቁራጭ ይመጣል። ስለቱ የሚዞረው በሠራተኛው አቅጣጫ ስለ ሆነ፣ ቁራጩን ወደ ኋላ ወርውሮ እጅን ባዶ ስለት ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ከ30 ሳንቲሜትር ያጠረ ቁራጭ በዚህ መኪና መላግ የለበትም፤ ቀጭኑም በእንጨት መግፊያ እንጂ በጣት አይገፋም። ሠራተኛው ከመኪናው ጎን ይቁም፤ እጁ በስለቱ አናት ላይ አይለፍ። ጓንት ማጥለቅ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ስለቱ ግን ጨርቁን ይዞ እጅን ስለሚጎትት ጓንትም ሰፊ እጅጌም የተከለከሉ ናቸው። የዶለዶመ ስለትም ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሠራተኛው በኃይል እንዲገፋ ያስገድደዋልና።

ያገለገለ መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ግንዱን ይመልከት። የጥንቶቹ ግንዶች አራት ማዕዘን ስለ ነበሩ ሰፊ ክፍተት ትተው እጅን ጎትተው ያስገቡ ነበር። ክቡ ግንድ ጉዳቱን ስለሚያቀለው፣ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ደንብ በእጅ እየተገፋ ለሚላግበት መኪና እርሱኑ ግዴታ አደረገ። የስለቱ መሸፈኛም የመኪናው አካል ነው፤ ተፈትቶ የመጣ ወይም ከዋጋው ላይ ለመቀነስ የቀረ ከሆነ መኪናው ጎዶሎ ነው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን እንዲያሟላ ያዛል።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያለው መኪና ሲተከል ሁለት ሽቦዎች ቢቀያየሩ ግንዱ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ጣውላ ከመግባቱ በፊት አዟዟሩ ይታይ። መለዋወጫ ስለትም ከመኪናው ጋር አብሮ ይታዘዝ።