ዓሳን በቀስት ማደን፦ ከመጀመራችሁ በፊት

ሰሞኑን ዳላስ የሚኖር አንድ ተከታታያችን «ዶክተር፣ የሥራ ባልደረቦቼ ዓሳ በቀስት ሊያድኑ ሲሄዱ አብረኸን ካልሄድክ እያሉኝ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብሎ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ዓሳ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ቁስልና መመረዝ ግን ሥራዬ ስለሆነ ጉዳዩን በደንብ አንብቤ መጣሁ።

አሜሪካ ውስጥ «ቦውፊሺንግ» ይሉታል። ካርፕ፣ ቡፋሎ እና «ጋር» የሚባሉትን ትልልቅ የሐይቅና የወንዝ ዓሳዎች ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በቀስት መውጋት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ያለው «አሊጌተር ጋር» ከ2 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ቀስት የወጋውን ዓሳ መልሶ መልቀቅ ስለማይቻል የትኛው ዝርያ እንደሚፈቀድና በቀን ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ፤ ላይሰንስም ያስፈልጋል።

ለጀማሪ ከ30 እስከ 40 ፓውንድ የሚስብ ቀስት ይበቃዋል። ጂም እንደገባ ሰው ከባዱን አንስቼ ካልታየሁ አትበሉ፤ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ስለሚሳብ ትከሻችሁ ይጎዳል። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጉ፣ የውሃውን ነጸብራቅ ቆርጦ ዓሳውን ያሳያችኋል፣ ዓይናችሁንም ይጠብቃል። ውሃ ብርሃንን ስለሚሰብር ዓሳው ካለበት ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ዝቅ አድርጋችሁ አልሙ። በ3 ሜትር ርቀት፣ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ላለ ዓሳ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነው። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ላይፍ ጃኬት የግድ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ፍላጻው በጠንካራ ገመድ ከቀስቱ ጋር የታሰረ ነው። ገመዱ ከቀስቱ ጅማት ወይም ከእጃችሁ ጋር ከተጠላለፈ ፍላጻው መሄዱን ትቶ ወደ ተኳሹ ይመለሳል፣ ወደ ፊት! ዓይን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። ለዚህ የተሠራ «ሴፍቲ ስላይድ» የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ፍላጻው ላይ እየተንሸራተተ ገመዱን ከጅማቱ ፊት ለፊት ያቆየዋል። ባልደረባችሁ ቀስት ሲያውሳችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ከሌለው አትተኩሱ፣ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ፍላጻ ሰው ላይ ከተሰካ አትንቀሉት። ጫፉ ላይ መንጠቆ ስላለው ሲወጣ የበለጠ ይቀዳል፣ የደም ስር ዘግቶ ከሆነም ደሙ ይለቀቃል። ገመዱን ቁረጡ፣ ፍላጻው እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ደግፋችሁ 911 ደውሉ።

ትንሿ ቁስልም አትናቅ። የዓሳ እሾህ ወይም ቅርፊት ሲቧጭራችሁ ወዲያው በንጹህ ውሃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡ፣ የቴታነስ ክትባታችሁንም አረጋግጡ። ሐይቅ ውስጥ «ኤሮሞናስ» የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁስሉን አቅልቶ፣ አሳብጦ በፍጥነት ሊሰራጭ ይችላል። እኛ ሐበሾች ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን አናጣም፣ አይደል? ይሄ ባክቴሪያ አሞክሳሲሊንን ይቋቋማል። እሱን እየዋጣችሁ ቤት ስትጠብቁ እጃችሁ ሊበላሽ ይችላል። ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና «ሐይቅ ውሃ ውስጥ ነው የቆሰልኩት» በሉ። ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን የመድኃኒት ምርጫ ትቀይራለች። የስኳር ወይም የጉበት ሕመም ያለባችሁ ጭራሽ አትዘግዩ።

በመጨረሻ ምግቡ። የ«ጋር» ሥጋው ይበላል፣ እንቁላሉ ግን ለሰው መርዝ ነው፤ ለውሻም አትስጡት። «ግራስ ካርፕ» የሚባለው ዓሳ ሐሞት ደግሞ ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል፣ ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም። ዓሳ ለብለብ የምትወዱ፣ የንጹህ ውሃ ዓሳ በደንብ ካልበሰለ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ያስይዛል። ትልልቅና ያረጁ ዓሳዎች ውስጥ ሜርኩሪ ይጠራቀማል፤ ቆዳና ስብ መግፈፍ ሌሎች ኬሚካሎችን ቢቀንስም ሜርኩሪው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ አይወጣም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም ትንሽ ልጅ ቤት ካለ፣ ዓሳው ድስት ከመግባቱ በፊት የዚያ ሐይቅ ዓሳ በወር ስንት ጊዜ ሊበላ እንደሚችል የስቴታችሁ ጤና መሥሪያ ቤት ያወጣውን መመሪያ እዩ።