አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ



በጀመዓችን ውስጥ ስንት መሐመድ አሕመድ አለ? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሲደርስ ቀልድ አይደለም።

የታካሚን መረጃ በኮምፒውተር የሚይዙ ሆስፒታሎች በአገራችን እየበዙ ነው። ሐኪሙ የቀድሞ ምርመራችሁን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒትና የላቦራቶሪ ውጤታችሁን እዚያው ያያል። ኮምፒውተር ግን ሰውን ሳይሆን ፊደልን ነው የሚያውቀው። አንዱ ጸሐፊ «መሐመድ»፣ ሌላው «ሙሐመድ»፣ ሦስተኛው «መሀመድ» ብሎ ከመዘገበ ለእርሱ ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ፍለጋው ባዶ ሲሆን አዲስ ካርድ ይከፈታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማችሁ የተጻፈው ግን በአሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል።

ሌላው ችግር መዝገቡ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው አለመሻገሩ ነው። ከደቅ ደሴት ጣናን በጀልባ አቋርጣ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተባለች ነፍሰ ጡር እናስብ። ስለ እርሷ የሚናገረው በእጇ የያዘችው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቢረጥብ ወይም ቢጠፋ የደም ዓይነቷና የጀመረችው መድኃኒት ከአንደበቷ ይጠየቃል። ራሷን ስታ ከሆነስ? የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ከጤና ጣቢያው ጋር ካልተገናኘ አያውቃትም።

ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት ስንት እናቶች እንደወለዱ ይነግራል፤ የአንዷን እናት ታሪክ ግን አይዝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚጠቀሙበት ኢ-ቺስ የቤተሰብ ማኅደርን ወደ ኤሌክትሮኒክ ለማዛወር የተዘጋጀ ነው። በ2015 ዓ.ም ሕግ የወጣለት የፋይዳ መታወቂያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። የሕክምና መዝገብ ከዚህ ቁጥር ጋር ሲያያዝ የስም አጻጻፍ ችግር ይቃለላል።

መዝገቡ በተገናኘ ቁጥር ግን ሊያየው የሚችለውም ሰው ይበዛል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321) የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል። ሆኖም የይለፍ ቃሉን ለጓደኛው የሚያውስ ሠራተኛ ባለበት አዋጅ ብቻውን አይጠብቀንም። የታማሚ ምስጢር አማና ነው።

ስለዚህ ስትታከሙ የካርድ ቁጥራችሁን ያዙ፤ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ አሳርሙ፤ የማይስማማችሁን መድኃኒት ሳትጠየቁ ተናገሩ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ ከኮምፒውተሩ ስትነሱ ዝጉት። የማታክሙትን ሰው ፋይል፣ የክፍል ጓደኛችሁም ቢሆን፣ አትክፈቱ።