መጠን ሌላ፣ ስፋት ሌላ

ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። የሞዴል ባቡር ወዳጆች አብዝተው በሚሠሩበት መጠን፣ በ1 ለ87፣ ብናሳንሰው እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። ይህን የሚችል ሳሎን የለም። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው የመስመሩን ቁራጭ ነው፤ ሙሉ ጉዞ ለማየት ወዳጅ ያስፈልገዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሐዲዱ እስከ 12 ቮልት ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሎኮሞቲቩ በመንኮራኩሮቹ ይወስደዋል፣ ሞተሩ ይዞራል። ዲጂታል ከሆነ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር አለውና በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ ይታዘዛል። ይህን ሻጩም ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው ለዓመታት እንዳምታታ የሚኖረው መጠንንና የሐዲድ ስፋትን ነው። መጠን ማለት ዕቃው ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ ነው። ስፋት ደግሞ በሁለቱ ሐዲዶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ነው። ኤች ኦ የሚባለው መጠን 1 ለ87 ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተዘረጋው እውነተኛ ሐዲድ 1435 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ፣ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል። ሰዉም 16.5 እና ኤች ኦ አንድ ናቸው ብሎ ይደመድማል።

የድሮው የጅቡቲ መስመር ግን 1000 ሚሊሜትር ነበር፤ የአስመራና የምጽዋው 950፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1435። መጠኑ 1 ለ87 እንደሆነ ይቆይና፣ ሐዲዱ በሦስቱም ይለያያል። የድሮውን የድሬዳዋ ባቡር 16.5 ላይ ያቆመ ሰው ከእውነተኛው በ435 ሚሊሜትር አስፍቶታል፤ ሎኮሞቲቩ እግሩን አንፈራጦ እንደቆመ በሬ ይሆናል። ትክክለኛው ለስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች የሚሸጠው 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። እሱም ተባዝቶ ሲታይ 1044 ይሆናል፤ ትርፏ 44 ሚሊሜትር ናትና ዓይን አይለያትም።

እንግሊዞች ደግሞ ይህን ስህተት ባህል አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የነበረው ሞተር ትልቅ፣ የእንግሊዝ ባቡር አካል ደግሞ ከአውሮፓው ጠበብ ያለ ስለነበር፣ በ1 ለ87 ሲሠራ ሞተሩ አልገባ አለ። አካሉን ወደ 1 ለ76 አሳደጉት፣ ሐዲዱን ግን በ16.5 ተዉት። እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው የእንግሊዝ ሞዴል የሚሄደው፣ በእውነተኛው ልክ ሲታሰብ፣ 18 ሳንቲሜትር ገደማ በጠበበ ሐዲድ ላይ ነው። ይህን መታገሥ ያቃታቸው ሰዎች 18.83 ሚሊሜትር አድርገው በእጃቸው ይሠራሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ አውቃለሁ። መለኪያ ብረታቸውን ሐዲዱ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ይገፏታል። አንድ ቦታ ላይ ያዝ ስታደርግባቸው ካውያቸውን አግለው፣ ብየዳውን አቅልጠው፣ ሐዲዱን ፀጉር ታህል ገፋ አደረጉት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ለኩ።

ይህ ጭንቀት ጥቅሙ የሚታየው ሰዎች ሲገናኙ ነው። አውሮፓ ውስጥ ፍሬሞ የሚባል ማኅበር አለ፤ አባላቱ በየቤታቸው የመስመሩን ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ይሠራሉ፣ አንዱ ጣቢያ፣ አንዱ ድልድይ፣ አንዱ ባዶ ሜዳ። መሀሉ እንደ ሠሪው ፍላጎት ነው። ጫፉ ግን የጋራ ነው፦ የጣውላው ቅርጽ፣ የብሎኑ ቀዳዳ፣ የሐዲዱ ቦታ አስቀድሞ በስምምነት ተወስኗል። አዳራሽ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ይገጥሙትና በጊዜ ሰሌዳ ይነዱታል፤ ሰዓታቸውም ከተለመደው ይፈጥናል። ፉርጎው የጭነት ወረቀት አለው፤ ከየት ተነስቶ፣ ምን ይዞ፣ የት እንደሚራገፍ ተጽፎበታል። ሞዴል ባቡር ክብ ከመዞር ሌላ ሥራ የለውም የሚል ሰው አንድ ከሰዓት እዚያ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ቸልተኛም እዚያ ቶሎ ይታወቃል። መንኮራኩሩን ሳያጸዳ የመጣ ሰው ጥቁሩን እድፍ የሌላው ሐዲድ ላይ ሁሉ ያነጥፈዋል። አልኮል የነካ ጨርቅ ምን ያህል ያስቸግራል? ሐዲድ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጉትንማ እለምናቸዋለሁ፣ ተዉ፤ ጭረቱ ለእድፉ ማደሪያ ነው።

የእኛን የድሮ መስመር ለመሥራት የሚያስብ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በተከፈተው በለገሃር ጣቢያ አይጀምር፤ የሕንፃው የፊት ገጽ ሥራ ለጀማሪ ይከብዳል። አንድ ሜትር ሜዳ፣ ጥቂት ግራር፣ 12 ሚሊሜትር ነጠላ ሐዲድ ይበቃል። አንዱ አዋሽን፣ ሌላው ድሬዳዋን ሊይዝ ይችላል፣ በጫፉ ላይ ግን ጣውላ ሳይቆረጥ እንስማማ። ቁራጩን ከሚሸከመው ከየእግሩም ሥር ከፍና ዝቅ የሚል ብሎን ይግባበት፤ የአዳራሽ ወለል ቀጥ ያለ ቢመስልም አይደለም።