የዓድዋ ዘማች ስንቅና የሴቶች ድካም

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኢጣሊያን ድል ያደረገችበት የዓድዋ ጦርነት ሲተረክ የመኳንንቱ ማዕረግ፣ የጠመንጃው ብዛትና የጦሩ አሰላለፍ በዝርዝር ይነሣል፤ አንድ መቶ ሺህ ገደማ የሚገመተው ያ ሠራዊት ከጥቅምት ጀምሮ ተራራና ሸለቆ ሲያቋርጥ ማን አብልቶ እንዳቆየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሠራዊት ለወታደሩ ቀለብ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ የመንገድ ምግቡን፣ ማለትም ስንቁን፣ ከቤቱ ይዞ ስለሚነሣ፣ የክተት ነጋሪት ሲጎሰም ሥራው አስቀድሞ የሚጀመረው በጓዳ ነበር። ሴቶች ገብሱን ቆልተውና ፈጭተው በሶ ያዘጋጃሉ፤ እንጀራውን አድርቀው ድርቆሽ ያደርጋሉ፤ ሥጋውን ዘልዝለው በጨውና በበርበሬ አሽተው፣ ሰቅለው በማድረቅ ቋንጣ ያደርጋሉ። እነዚህ ምግቦች ለሸክም የሚቀሉና ቶሎ የማይበላሹ ሲሆኑ፣ በሶውማ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ያለ እሳት ስለሚበላ ለተጓዥ ጦር እጅግ የተመቸ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው ይህ ምግብን የማቆየት ዕውቀት ከጦር ስልት ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ድካሙ ግን በዝግጅት አያበቃም። ሚስቶች፣ ገረዶችና በባርነት የተያዙ ሴቶች ዕቃ ተሸክመው ከጦሩ ጋር ይጓዙ ነበር። ጦሩ ሰፍሮ ወንዱ ሲያርፍ ሴቷ ውሃ ቀድታና እንጨት ለቅማ ስትመለስ ወፍጮው ይጠብቃታል፤ ጎንበስ ብላ መጁን፣ ማለትም የላይኛውን ድንጋይ፣ በሁለት እጇ እየገፋች እህሉን ካላደቀቀች የነገው እንጀራ አይጋገርም።

የስንቅና የውሃ ጉዳይ የጦርነቱን አካሄድ እስከ መወሰን ደርሷል። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በጥር ወር ምሽጉን የለቀቀው የውሃ ምንጩ ከተያዘበት በኋላ ሲሆን፣ የዚህ ዘዴ አመንጪ የዐፄ ምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ እንደነበሩ ይነገራል። ከዚያም በየካቲት በዓድዋ አካባቢ የምኒልክ ጦር ስንቅ እየተመናመነ፣ የኢጣሊያው ጦር አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪም ቀለብ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ስለነበር፣ ሁለቱ ወገኖች ከመሣሪያ ባልተናነሰ በረሀብ ይፈታተኑ ነበር። በውጊያውም ዕለት ሴቶች ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ሲያደርሱ ውለዋል።

ይህ ሁሉ የተዘነጋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዜና መዋዕል፣ ማለትም በቤተ መንግሥት የሚጻፈው የነገሥታት ታሪክ፣ በዋናነት የሚመዘግበው የንጉሡንና የመኳንንቱን ሥራ ነበር፤ ሹመትና ርስትም ጠላት ለጣለ እንጂ ለፈጨችና ለጋገረች አይሰጥም ነበር። የጓዳ ሥራ እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ስለተቆጠረ፣ ስማቸው ለትውልድ የተላለፈው በአብዛኛው እንደ ጣይቱ በዙፋን አጠገብ የነበሩት ብቻ ናቸው።

የተረሱትን ሴቶች ማንሣት የዘማቹን ጀግንነት አይቀንስም፤ ይልቁንም ጀግንነቱ በምን አቅም እንደጸና ያስረዳል። ስለዚህ የዓድዋን ታሪክ የሚጽፍና የሚያስተምር ሁሉ ማን ተኮሰ ብሎ እንደሚጠይቅ ማን ፈጨ፣ ማን ጋገረ፣ ማን ተሸከመ ብሎ ሊጠይቅ ይገባል፤ ያለ እነዚህ ሴቶች ያ ሠራዊት ዓድዋ ሊደርስ አይችልም ነበርና።