አሮጌ ሞተር ሳይመረመር አይፈረድበትም

ከአባት የሚቀር ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጆቹ ተካፍለው የሚገለገሉበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ቢሸጡት የሚያሳዝን፣ ቢያኖሩት ቦታ የሚያጣብብ ነው። በንፋስ መውጫ ከተማ በቤታችን ጓዳ የነበረው አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከሁለተኛው ወገን ነበረ። አባታችን ካረፉ በኋላ ዶሮ እየሰፈረበት፣ ገለባ እየተከመረበት ብዙ ዘመን ተቀመጠ። እናታችን «ለቁራሊዮ ይሰጥና ጓዳው ይጽዳ» ይሉ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን «አባቴ የተቀመጠበትን ለቁራሊዮ ሰጥቼ ዓይኔ አያይም፤ እኔው አስነሣዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

ይህ ሞተር እንዴት እንደ ተነሣ፣ እንዴት እንደ ተሰበረና ሁለተኛ እንዴት እንደ ዳነ ብንጽፍ፣ በቤቱ አሮጌ መኪና ወይም አሮጌ የወፍጮ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀምበት ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የሞተር ብስክሌቱ ትውልድ ከጣሊያን አገር ነው። የሠራው ሞቶ ጉዚ የሚባለው ማኅበር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ካርሎ ጉዚና ጆርጆ ፓሮዲ በሚባሉ ሰዎች የቆመ ሲሆን፣ ፋብሪካው በኮሞ ሐይቅ ዳር በማንዴሎ ከተማ ነው። ጆቫኒ ራቬሊ የሚባል አይሮፕላን ነጂ ሦስተኛ ጓደኛ ነበራቸው፤ እርሱ በ1919 ዓ.ም. ስለ ሞተ ለመታሰቢያው ክንፉን የዘረጋ ንስር የማኅበሩ ምልክት ሆነ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ማኅበር ጂ ቲ 17 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ለጦር ሠራዊት ሠራ፤ የአባታችንም ከዚሁ ወገን ነው።

ወደ አገራችን አቈጣጠር ስንመለስ፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በግፍ በወረረ ጊዜ መኪናና ሞተር ብስክሌት ይዞ ገባ። በጎንደር ተከቦ የነበረው የመጨረሻው ጦሩም በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ብዙ ብረት በአገራችን ቀረ። ከብረቱ ጋር ቋንቋውም ቀረ፤ መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ መፍቻውን ቺያቤ፣ ቡሎን አዙሮ የሚነቅለውን ካቻቢቴ፣ እሳት የሚረጨውን ካንዴላ፣ ማርሽ ሲለወጥ ኀይልን የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን የሚሉት ከጣሊያንኛ ወርሰው ነው።

ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ ቆሞ ሳይሆን ወደ ፊት ተጋድሞ ነፋስ ይቀበላል። የሲሊንደሩ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ መመላለሻ 82 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይዘቱ 500 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሊሞላ ጥቂት ይጐድለዋል። ጉልበቱም 13 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ከጐኑ ቮላኖ የሚባለው ትልቅ የብረት መንኰራኵር በውጭ ይዞራል፤ ሞተሩ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚፈነዳ፣ በፍንዳታና በፍንዳታ መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሻግረው ይህ ክብደት ነው። ብዙ ሲሊንደር ያለው ሞተር አንዱ ቢደክም ሌላው ይረዳዋል፤ ብቸኛው ሲሊንደር ግን የሚያግዘው ባልንጀራ ስለሌለው ጥቂቱ ጥፋት እንኳ ይከብደዋል።

ወንድሜ በመጀመሪያው ጊዜ የሠራው ሥራ የአንድ ሳምንት ነበረ። ቤንዚን ቀዳ፣ ካንዴላ ለወጠ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ በእግሩ መታው፤ ሞተሩም ተነሣ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እልል አለ። ነገር ግን ጢሱ ጥቁር ነበረ፤ ዳገት ሲወጣም ያስለዋል። ወንድሜ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ለወጠው፤ ድምፁ ተሻለ። ይህን ባየ ጊዜ ከዚያም ይልቅ ጠባብ የሆነ አገባበት፤ ድምፁም እንደ ጅራፍ ጠራ። «ጋሼ፣ ስማው እንግዲህ!» ብሎኝ እኔም በጆሮዬ ፈርጄ መሰከርሁለት። ስሕተታችን ከዚህ ላይ ነበረ።

ስሕተቱን ለማስረዳት ስለ አገራችን አየር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ የጋይንት ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ አገር ካለው ከ100 እጅ 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚንን ብቻውን አይበላም፤ ለአንድ እጅ ቤንዚን በሚዛን 15 እጅ ያህል አየር ይሻል። ቤንዚኑን የሚሰፍርለት ጠባብ ቀዳዳ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተለካ ቀዳዳ በጋይንት ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ጢሱ ይጠቍራል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ቀዳዳውን በልክ ማጥበብ የተገባ ነው። ቢሆንም የሳሳ አየር በቀዳዳ አይወፍርምና የጐደለው ጉልበት ሁሉ አይመለስም፤ 13 የነበረው የፈረስ ጉልበት በንፋስ መውጫ ወደ 9 ይወርዳል። ይህ የአገሩ ጠባይ እንጂ የሞተሩ በሽታ አይደለም። ወንድሜ ግን በሽታ መስሎት መድኀኒቱን አበዛበት።

አንድ ቀን ማለዳ ወደ ወረታ ጕዞ ጀመረ። መንገዱ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከዚያ ቍልቍል ወርዶ በፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ይደርሳል፤ በዚያ የአየሩ ግፊት ከ100 እጅ 80 እጅ ነው። እንግዲህ በወረደ ቍጥር አየሩ እየወፈረ ሄደ፤ ያ እጅግ የጠበበ ቀዳዳ ግን በአየሩ ልክ ቤንዚን ሊሰጥ አልቻለም። ቤንዚን ያነሰው እሳት ደካማ ይመስላል እንጂ ፒስቶኑን የሚያግል ክፉ እሳት ነው። ቍልቍለቱን ሲወርድ ጋዙ ተዘግቶ ስለ ነበረ ጕዳቱ አልታወቀም። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ስለ ተዘረጋለት ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጠ። ጥቂት እንደ ሄደ ፒስቶኑ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩን ነከሰ፤ የኋላው ጎማ ተቈለፈ፤ ወንድሜም ወደቀ። ትከሻው ከመላጡ በቀር አጥንቱ ሳይሰበር ተረፈ።

ሞተር ብስክሌቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ቤት ተመለሰ። አንድ መካኒክ ሞተሩን ሳይከፍት «ዕድሜው አልቋል፤ ብረቱን ሽጡት» ብሎ ፈረደ። እናታችንም «አባታችሁን ወሰደብኝ፤ ልጄን ሊጨምር ነው? የጸሐፊ ወንድም ቀጥቃጭ ሆነ እስኪባልስ ምን አደረሰን?» አሉ።

ስለ ልጃቸው መፍራታቸው እውነት ነበረ። የእጅ ሥራን መናቅ ግን ለቤጌምድር ሰው አይገባውም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዓፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሠራተኞችን አስቀምጠው፣ የአገሩንም ልጆች ከእነርሱ ጋር አሠርተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ አስቀልጠዋል፤ ያንንም መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጐትተዋል። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ይህን ለእናታችን በትሕትና ካስረዳን በኋላ፣ ከፍርድ በፊት ምርመራ እንዲደረግ ለመንናቸው፤ እርሳቸውም «እንግዲያስ በወጉ ይሁን» ብለው ፈቀዱ።

በሁለተኛው ጊዜ ሥራው የተጀመረው በቺያቤ ሳይሆን በመዝገብ ነው። የሚፈታው ዕቃ ሁሉ ሳይነካ ሥዕሉ ተሣለ፤ ከየት እንደ ወጣና ፊቱ ወዴት እንደ ነበረ ተጻፈ። እያንዳንዱም በየጣሳው ቍጥር ተሰጠው። አሮጌ ሞተር ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ሲገጠም ቦታው የጠፋበት ዕቃ ነውና ይህ ጥንቃቄ እንደ ትንሽ ነገር አይቈጠር።

የነከሰውን ፒስቶን ለማላቀቅ መዶሻ አልተነሣም። ዘይትና ነጭ ጋዝ ተደባልቆ በካንዴላው ቀዳዳ ፈሰሰበት፤ አምስት ቀንም ተተወ። በስድስተኛው ቀን ቮላኖውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ቢወዘውዙት በቀስታ ተላቀቀ። ያን ጊዜ ምስክሮቹ ተገኙ። ካንዴላው እንደ ኖራ ነጥቶ ነበረ፤ ይህም የቤንዚን ማነስ ምስክር ነው። የፒስቶኑ ጐን ተፍቆ፣ ፋሻዎቹ በቦታቸው ተጣብቀው ነበረ። ፒስቶኑን የሚገፋው ቢየላ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ሲሞከር ምንም ልል አልነበረውም፤ ወደ ጐን ብቻ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ ይህም የጤንነት ምልክት ነው። ስለዚህ ዋናው አካል ደኅና ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሙት ተብሎ ነበር ማለት ነው።

ሲሊንደሩ በአንድ ቦታ ተለክቶ አይታመንም። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም ሁለት ጊዜ በመስቀለኛ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተለካ። እሳት ከሚነካው ወገን ሰፍቶ፣ ክብነቱንም አጥቶ ስለ ተገኘ ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ እስከ 88.5 ሚሊ ሜትር ሰፋ፤ በዚያው ልክ አዲስ ፒስቶን ከውጭ አገር መጣለት። አዲሶቹ ፋሻዎች ፒስቶኑ ላይ ከመግባታቸው በፊት አንድ በአንድ በሲሊንደሩ ውስጥ ገብተው የአፋቸው ክፍተት ተለካ። ለዚህ ስፋት 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ክፍተቱ ፈጽሞ ከሌለ ፋሻው ሲግል የሚረዝምበት ስለሚያጣ ሁለተኛ ይነክሳል።

ቫልቮላዎቹ በመፍጫ ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር ተፋጩ። መግጠማቸውም በነጭ ጋዝ ተፈተነ፤ በላያቸው የፈሰሰው ጋዝ ካልሾለከ እሳቱም አይሾልክም። የቴስታታው ዳዶዎች በአንድ ወገን ብቻ ቢጠብቁ ብረቱን ያጣምማሉና በመስቀለኛ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተመላለሱ ጠበቁ። እሳቱን የሚያቋርጠው የፑንቲና አፍ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲከፈት ሆነ።

የቀረው የቤንዚኑ ልክ ነበረ። በዚህ ጊዜ ጆሮ ብቻውን ምስክር እንዲሆን አልተፈቀደለትም። ወንድሜ ሰፊ የሚመስለውን ቀዳዳ አስቀድሞ አገባ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በዳገት መንገድ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ወዲያው አጠፋውና ካንዴላውን ነቅሎ ተመለከተ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ እንደ ኖራ ከነጣ አንሷል፤ መቈላት ጀምሮ ገና ያልጠቈረ ቡና ከመሰለ ልክ ነው። እንዲህ እያለ አንድ አንድ ደረጃ ብቻ እያጠበበ የቡናው መልክ በታየ ጊዜ ቆመ። ድምፁ እንደ ፊተኛው እንደ ጅራፍ አልጠራም፤ ጠለቅ ያለና የረጋ ሆነ። የሚያኖረውም እርሱ ነው።

አዲስ ፒስቶንና ሲሊንደር እስኪላመዱ ድረስ ለብዙ ኪሎ ሜትር በዝግታ ተነዳ፤ ዘይቱም ፈጥኖ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ እንደ ገና ወደ ወረታ ለመውረድ እናታችንን ፈቃድ ለመነ። እርሳቸውም «የወደቅህበትን ታውቀዋለህን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ከኪሱ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ በውስጧ ያለውን የናስ ቀዳዳ አሳያቸው፤ ለቆላው የተለካ፣ ጥቂት የሚሰፋ ነው። «ደብረ ታቦር ስደርስ ይህን አገባለሁ፤ ስመለስ የደጋውን እመልሳለሁ» አላቸው። እናታችንም «እንግዲያ ሂድ» አሉት።

አሮጌ ሞተር ያለው አንባቢ ከዚህ የሚያገኘው ምክር አጭር ነው። ሞተር በዕድሜው ብዛት ብቻ አይሞትም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሳይለካ የሚሠራበትና ሳይከፈት የሚፈረድበት ችኰላ ነው። ልኩም ለሚኖርበት አገር አየር የተስማማ ይሁን፤ አገር ሲለወጥ ልኩም ይለወጥ። ያቺ ትንሽ ቆርቆሮ ዛሬም ከወንድሜ ኪስ አትጠፋም፤ ከቤት ሲወጣ ከእናታችን አስቀድሞ የሚጠየቀውም እርሷን መያዙን ነው።