ታፔላ ስንሰቅል፦ ከእንጨቱ እስከ ብሎኑ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ማስታወቂያ ብዙ እንማራለን። መልእክቱ አጭር ይሁን፣ ፊደሉ ከሩቅ ይነበብ፣ ቀለሙ ዓይን ይሳብ እንባላለን። ማስታወቂያው ስለሚሰቀልበት እንጨት ግን እስካሁን የተማርኩት ኮርስ የለም። እኔ የግሽ ዓባይ ልጅ ነኝ። ከዚያ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ስንወርድ በመንገዱ ዳርና ዳር ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ከፊቱ አንድ የባህር ዛፍ ቋሚ አለው፤ ከቋሚው ላይ ደግሞ ታፔላ ይንጠለጠላል። በሥሩ ተማሪ ያልፋል፣ ሎሚና ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ይቀመጣሉ፣ ባጃጅ ይቆማል። ታዲያ ያ ታፔላ በምን ተይዞ ነው የቆመው? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ከጣሳ ወደ ላሜራ

የንግድ ምልክት መስቀል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል፤ ጽሑፍ የለው፣ ሥዕል የለው፣ ግን ማንም አይስተውም። ጣሳው ቢወድቅ የሚጎዳው ሰው የለም። የዛሬው ታፔላ ግን ላሜራ ነው። «ታፔላ»፣ «ላሜራ»፣ «ዳዶ»፣ «ሮንዴላ» የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱም ዕቃዎቹም ከእጅ ባለሙያዎቻችን ጋር ተዋሕደው ቀርተዋል።

የሚንጠለጠል ምልክት ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማወቅ የለንደንን ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1718 የጋዜጦች መንደር ተብሎ በሚታወቀው በፍሊት ስትሪት አካባቢ አንድ ከባድ የሱቅ ምልክት የተሰቀለበትን የቤት ፊት ይዞ ወደቀና አራት ሰው ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ፓሪስም ለንደንም ወደ መንገድ የወጡ ምልክቶች ተነሥተው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉ አዘዙ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሲወጣ የሬዲዮና የጋዜጣ ማስታወቂያን ብቻ ሳይሆን ከቤት ውጭ የሚተከለውንም በአንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ታፔላ የአናጺ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን የምንተወው አይደለም፤ የእኛም ሙያ ነው።

እስቲ እናስላው

አንድ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ እንውሰድ። ላሜራው ብቻውን ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ዙሪያውን የቱቦላሬ ፍሬም ሲጨመርበት ወደ 7 ኪሎ ይደርሳል። «ሰባት ኪሎ ምን አላት?» ሊባል ይችላል። ችግሩ ግን ክብደቱ ከቋሚው ርቆ መንጠልጠሉ ላይ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ከደረት አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም።

የታፔላው መሐል ከቋሚው 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ክንዱን የሚይዙት የላይኛውና የታችኛው ብሎን በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከተራራቁ የላይኛው ብሎን በ42 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይሳባል። ርቀቱን 30 ሳንቲ ሜትር ስናደርገው መሳቡ ወደ 14 ኪሎ ይወርዳል። ከክንዱ ሥር በሰያፍ የሚገባው ድጋፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።

ነፋስ ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲህ ያለውን ታፔላ ፊት ለፊት ሲያገኘው ወደ 15 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ክረምት ሊገባ ሲል ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ እያስነሳ የሚመጣውን ወጀብ ያየ ሰው ይህ ተረት እንዳልሆነ ያውቃል።

እኛ ሰፈር አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ወጀብ የአንድ ሱቅ ታፔላ ተነቅሎ ከሥሩ የተጠለለች ልጅ ትከሻዋን መታት። ሁለት ወር ያህል በዚያ እጇ መጻፍ አልቻለችም። ታፔላውን የያዙት ሦስት ሚስማሮች ነበሩ፤ ሦስቱም ሳይሰበሩ፣ ሳይጎብጡ፣ እንዳሉ ተነቅለው ነው የተገኙት።

ለምን ተነቀሉ?

ሚስማር እንጨት ውስጥ የሚቆየው በመጨበጥ ነው። ባህር ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥቡን ነው የሚተከለው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሚስማሩ በኩል ካለፈ ጨበጣው ላላ ማለት ነው። ከዚያ ነፋሱ ወዲህ ወዲያ ባወዛወዘው ቁጥር ሚስማሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። ቡሬ ያነጋገርኳቸው አንድ አናጺም ሚስማር ለሚወዛወዝ ነገር እንደማይታመን ነግረውኛል።

መፍትሔው ቋሚውን ከዳር እስከ ዳር የሚበሳ ብሎን ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ቢታሰር ጥሩ ነው። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ቀድሞ ይበሳ፤ በመዶሻ እየመቱ ማስገባት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው ከቋሚው አናት ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎኑ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በሁለቱም በኩል ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይግባ፤ ያለ ሮንዴላ ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይሰምጣል። ከአንድ ዳዶ ይልቅ ሁለት ዳዶ ደርቦ ማሰር እንዳይላላ ይረዳል።

ቋሚውስ?

ብሎኑ ቢጠብቅ ቋሚው ከሥሩ ከበሰበሰ ምን ዋጋ አለው! ባህር ዛፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን ከገባ ወዲህ የቤታችንም የአጥራችንም እንጨት ሆኗል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎም ያድጋል። ነገር ግን ያለ መከላከያ አፈር ውስጥ ሲቀበር ምስጥና እርጥበት አይምሩትም። ጥድና ወይራ ምስጥን በመቋቋም ይታወቃሉ፤ ዛሬ ግን እንደ ልብ አይገኙም።

ስለዚህ ያለንን ባህር ዛፍ እንጠብቅ። ልጡ ተልጦ ለጥቂት ወራት ጥላ ሥር ይድረቅ። ውፍረቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ቋሚው ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይቀበር። ብዙ ሰው ሥሩን የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፤ ይህ የሚረዳው ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን አፈርንም ይበክላል። የተሻለው መንገድ ኮንክሪት ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ተክሎ፣ እንጨቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በብረቶቹ መሐል በብሎን ማሰር ነው። እንጨቱን በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ መቅበር ግድ ከሆነ ደግሞ የኮንክሪቱ አናት ውሃ እንዳያቁር ወደ ውጭ ያዘንብል። ብስባሴ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ አፈርና አየር በሚገናኙበት በዚያች ስፍራ ነው።

ስንሰቅለው

ታፔላውን በጥቁር ሽቦ ማንጠልጠል የተለመደ ነው። ሽቦ ግን በተወዛወዘ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይታጠፍና በድንገት ይበጠሳል። ሰንሰለት ይሻላል፤ መንጠቆው አፉ ክፍት ከሆነ በያጅ ይግጠመው። ከሁለቱ ሰንሰለቶች ሌላ ላላ ያለ ሦስተኛ ሰንሰለት ለመጠባበቂያ ይታሰር፤ አንዱ ቢበጠስ ታፔላው ሰው አናት ላይ አይደርስም።

የታፔላው የታች ጫፍ ከእግረኛ መንገዱ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ወደ አስፋልቱ አይውጣ፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ይጠልፈዋል። ከሁሉ በላይ ከመብራት መስመር ይራቅ! የመብራት ምሰሶ የታፔላ መስቀያ አይደለም። 220 ቮልት ሰው ይገድላል፤ ላሜራና የብረት መሰላል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ሲሰቀል ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዱ መሰላሉን ይያዝ፣ መንገደኛም በሥሩ አይለፍ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ሥራው ተሰቅሎ አያልቅም። እንጨቱ እየደረቀ ስለሚቀጥን ከሦስት ወር በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት ከወጀቡ በፊትና በመስከረም ከክረምቱ በኋላ፣ ቋሚው ይነቅነቅ፤ ሥሩ በስለት ጫፍ ይወጋ። ስለቱ ያለ ችግር ከገባ ቋሚው ሞቷል፤ ታፔላው በዚያው ቀን ይውረድ። የዛገ ሰንሰለት ይቀየር፣ ፍሬሙም አንቲሩጅን ይቀባ።

አራት ብሎን፣ ስምንት ሮንዴላና አንድ ሜትር ሰንሰለት ለታፔላው ጽሑፍ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። ባለሱቁም ሠዓሊውም የሚጨነቁት ስለ ፊደሉ ማማር ነው፤ የሚያስወቅስ ነገር የለውም። ግን ታፔላ ሥራው ደንበኛን መጥራት ነው። የጠራውን ሰው አናቱን ከመታ ምኑን ማስታወቂያ ሆነ? እናም ነገ ወደ ግቢ ስትመጡ ከሥሩ የምታልፉበትን አንድ ታፔላ ቀና ብላችሁ እዩት፤ የያዘው ሚስማር ከሆነ ለባለቤቱ በትህትና ንገሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።